በ3,000 ብር የቢሮ ልብስ እንዴት ላሟላ? ባህር ዳር ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

አዲስ_ተቀጣሪዋ፦
ሰላም የባህር ዳር ልጆች እንዴት ናችሁ። ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ከተመረቅኩ በኋላ ስራ ፍለጋ ብዙ ተንከራትቼ አሁን በቅርቡ ተመስገን አግኝቻለሁ፣ ቢሮው ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ከሰው ጋር የሚያገናኝ ስራ ስለሆነ እንደ ግቢ ጊዜ በቲሸርትና በተቀደደ ጅንስ የሚኬድበት አይደለም። ደሞዝ የምቀበለው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ የቤት ኪራይ አለብኝ ታናሽ ወንድሜም እኔ ጋር ሆኖ ነው ሚማረው፣ ስለዚህ ለልብስ ማውጣት የምችለው 3,000 ብር ብቻ ነው ከዚያ በላይ የለኝም፣ በዱቤ መልበስ ደሞ አልፈልግም።

ያለኝን ልንገራችሁ። ሁለት ጥቁር ጅንስ አለኝ ልኬ ናቸው ግን ጉልበታቸው ላይና ኪሳቸው ጋ ነጥተው ግራጫ ሆነዋል። ለምርቃት ያሰፋሁት ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ አለ፣ ከዛ ወዲህ ስለከሳሁ ወገቡ ይሰፋኛል። ነጭ ሸሚዝ ሁለት አለኝ አንደኛው ብብቱ ስር ቢጫ ሆኗል። አክስቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ኮት አለ ጨርቁ በጣም ያምራል ግን ትከሻው ይወርድብኛል። እናቴ የሰጠችኝ የድሮ የሀበሻ ቀሚስም አለ፣ ጨርቁ ሳስቶ ከታች ተበልቷል ጥለቱ ግን ምንም አልሆነም። ጫማ አንድ ጥቁር ሽፍን አለኝ ሶሉ አልቋል። ሌላው ሹራብና ቲሸርት ምናምን ነው።

አንዷ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ለልዋጭ ስጪና ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ልባሽ እንምረጥ ትላለች፣ ሌላዋ ደሞ በቴሌግራም እዘዢ ቤትሽ ድረስ ያመጡልሻል ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሰው ፊት ስቀርብ የተዘጋጀሁ መስዬ መታየት እፈልጋለሁ፣ መብለጭለጭ አይደለም የፈለግኩት።

የፋሲሎዋ_እናት፦
እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ስራሽን ይባርክልሽ። እኔ ቢሮ ስሰራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል ልጆችም አሳድጌያለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላውራሽ።

መጀመሪያ ለልዋጭ የሚለውን ከጭንቅላትሽ አውጪው። ልዋጭ የምትሰጪው በቃ ምንም የማይሆነውን ነው፣ አንገቱ የተለጠጠውን ቲሸርት፣ ሹራቡም ተሸብልሎ ኳስ ኳስ የሆነውን። ሱሪና ኮት ሰጥተሽ ሳፋ ወይ የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዘሽ ብትገቢ ያንኑ ሱሪ መልሰሽ በገንዘብ ልትገዢው ነው። አንቺ እኮ የዘረዘርሽውን ሳነብ ልብስ አላጣሽም፣ ያጣሽው ልክ የሆነና ቀለሙ ያልለቀቀ ልብስ ነው፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ የኔ ልጅ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ በይና ያለሽን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግፊው። አንድ በአንድ ልበሽው፣ መስታወት ፊት ቁሚ፣ ቁጭ በይበት፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺበት፣ ቢሮ ውስጥ ፋይል ከመደርደሪያ ላይ ስታወርጂ ሸሚዙ ከሱሪው ይወጣል ወይ ብለሽ እዪው። ሰው ቆሞ ብቻ ለክቶ ነው ሚገዛው ከዛ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል። ከዛ በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ አስቢ። አንቺ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ከታች አለሽ፣ ነጭ ከላይ አለሽ፣ ስለዚህ የሚጎድልሽ ከላይ የሚለበስ ነው፣ ሁለት ሶስት ከሁሉም ሱሪሽ ጋር የሚሄድ ነገር ካገኘሽ ሳምንቱን ሙሉ ሳይደጋገም ትለብሻለሽ። ሱሪ ቢደጋገም ሰው ልብ አይልም፣ ልብ ሚለው ከወገብ በላይ ያለውን ነው፣ ጠረጴዛ ኋላ ቁጭ ብለሽ ስለምትውይ።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያሉት የሚለብሱትን አይተሽ እንዳትገዢ፣ እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ ያቺ የምታብለጨልጭ ቀጭን ፖሊስተር ሸሚዝ ሱቅ ውስጥ ስታያት ታምራለች ግን ከባጃጅ ወርደሽ ቢሮ እስክትገቢ ጀርባሽ ላይ ትለጠፋለች፣ ከሰዓት ሲሆን ደሞ ይሸታል ምንም ሽቶ አይመልሰውም። ጥጥ ግዢ። ጥጥ ይጨማደዳል እውነት ነው ግን ማታ ማታ በካውያ ማስተካከል ነው፣ መብራት ይጠፋል ካልሽ ደሞ ባለ ጊዜ የሳምንቱን በአንዴ ተኩሰሽ ስቀይው።

በዱቤ አለመፈለግሽን በጣም ወድጄልሻለሁ። ቢሮ ስትገቢ ግን ሴቶቹ አነስ ያለች እቁብ ይኖራቸዋል፣ ደሞዝሽ ሲረጋጋ ግቢ፣ ሲደርስሽ በሱ አንድ ደህና ነገር ትገዣለሽ።

መቀስና_ሜትር፦
ሰላም እህቴ፣ አባይ ማዶ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናታችን የተናገሩት ልክ ነው፣ እኔ የመርፌውን በኩል ልጨምርልሽ።

ሱሪው ቀላል ነው። ከኋላ መሀል ያለው ስፌት ተፈትቶ ነው የሚጠበው፣ ጥሩ ሰፊ ከሆነ ቀበቶ ማስገቢያውን አንስቶ መልሶ ይሰፋዋል ምንም አይታወቅም። ግን አንድ ነገር እወቂ፣ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው የሚያምረው፣ ከዛ በላይ ከኋላ ብቻ ከጠበበ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ይጠጋጉና ሱሪው ወደ ኋላ የተሳበ ይመስላል። ብዙ ከከሳሽ ከጎንም ከኋላም ተከፋፍሎ እንዲጠብ ንገሪው። የተረፈውን ጨርቅ ደሞ አስቆርጠሽ እንዳትጥይ ውስጡ ይቅር፣ ሰው ይከሳል ይወፍራል፣ ውስጡ ጨርቅ ካለ ነገ ይሰፋልሻል። ብዙ ሰፊ ትርፉን ቆርጦ ጫፉን በማሽን ይዘመዝመዋል (ኦቨርሎክ) ስለዚህ ቀድመሽ ካልነገርሽው አትመልሺውም።

ኮቱ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትከሻ ማስጠበብ ከባድ ስራ ነው። እጅጌው መነቀል አለበት፣ ገበሩ መፈታት አለበት፣ እጅጌው ሲመለስ ደሞ ክቡ ካልገጠመ ይሸበሸባል። ገንዘብሽን እዛ ላይ አትጨርሺ። ይልቅ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው አይደል፣ ገበሩን በትንሹ ከፍተሽ ስፖንጁን አስወጪው። ትከሻው ለስለስ ብሎ ይወድቃል፣ ከትከሻሽ የሚያልፈው አንድ ጣት ያህል ብቻ ከሆነ በቃ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው ሚመስለው። እጅጌው ከረዘመ ይታጠፋል ቀላል ነው። ከዛ በላይ ከወረደ ግን ለሌላ ሰው ስጪው ወይ ሽጪው። ለወደፊትም ልባሽም ሆነ አዲስ ስትገዢ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ፣ ጎን ይጠባል፣ ርዝመት ያጥራል፣ ወገብ ይስተካከላል፣ ትከሻ ግን እንደተገዛ ነው ሚቀረው።

የጎደለሽ ነገር ካለ ጉርድ ቀሚስ አሰፊ ባይ ነኝ። ቀጥ ያለ ጉርድ ሲሆን ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ይበቃሻል፣ ገበር ካስፈለገሽ ርካሽ ጨርቅ ትጨምሪያለሽ። ሱቅ ተሰፍቶ ከተሰቀለው ይልቅ ጨርቅ በሜትር ገዝተሽ ብታሰፊ በልክሽ ነው ሚወጣው። የጨርቅ ሱቆች የጥቅሉ (የቶፑ) መጨረሻ የተረፈውን ቁራጭ ለብቻ ያስቀምጣሉ፣ ቅናሽ ነው፣ ቁራጭ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ ነው ሚቀረው።

ጥጥ_ፈታይ፦
እኔ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃጨርቅ ነው የምማረው ስለዚህ ስለ ጅንሶቹና ስለ ሸሚዙ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጅንሶቹን አቅልሚያቸው። ገበያ ውስጥ የልብስ ቀለም በዱቄት ይሸጣል ጥቁር በቀላሉ ታገኛለሽ፣ ለሁለት ሱሪ ስንት ፓኬት እንደሚያስፈልግ ፓኬቱ ላይ ያለውን አንብቢ ምክንያቱም ቀለሙ ካነሰ ግራጫ ላይ ነው ሚቆመው። መጀመሪያ ጅንሱን በደንብ እጠቢው፣ ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይጠጣም። ሳይደርቅ እርጥቡን ነው ምታስገቢው፣ ደረቅ ከገባ ዥጉርጉር ይሆናል። ምግብ የማይበሰልበት አሮጌ ብረት ድስት ፈልጊና ከሰል ላይ አድርጊው፣ ጨው ጨምሪ፣ ጨው ለጥጥ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል፣ ከዛ በእንጨት ሳታቋርጪ አማስይው። ድስቱ ውስጥ ታጥፎ ከተኛ የታጠፈበት ቦታ መስመር ያወጣል። ሲያልቅ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቂውና ጥላ ላይ አስጪው፣ መጀመሪያ ሰሞን ለብቻው እጠቢው ነጭ ሸሚዝሽን እንዳያበላሽብሽ።

አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ፣ የስፌት ክሩ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ይሄን ቀለም አይጠጣም፣ ጨርቁ ጥቁር ሲሆን ስፌቱ በነበረበት ቀለም ነው ሚቀረው። ጥቁር ክር ከሆነ እሰየው፣ ቡኒ ወይ ቢጫ ክር ከሆነ ቢሮ ውስጥ ጅንስነቱ ይታወቃል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካላወቅሽ ከውስጥ በኩል ከስፌቱ ጥቂት ክር ምዘዢና በክብሪት አቃጥይው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነው ሚሸተው አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል ይኮማተራል መጨረሻ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱም ይታያል። ገበያ ላይ ሻጭ ሁሉ ጥጥ ነው ነው ሚለው፣ ጨርቅ በሜትር ስትገዢ ጫፉ ላይ ያለውን ክር ስጡኝ ብትይ የሚከለክልሽ የለም።

ለሸሚዙ ደሞ እባክሽ በረኪና እንዳታደርጊበት። የላብ ቢጫ በበረኪና ይብሳል እንጂ አይለቅም፣ ክሩንም ያሳሳዋል። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ቢጫው ላይ ቀቢው፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለሽ እሺውና ትንሽ አቆይተሽ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። አንዴ ካልለቀቀ ድገሚው። ሳይለቅ ግን በካውያ እንዳትተኩሺው፣ ሙቀት ቆሻሻውን ያጸናዋል። ሁሌም ጥቁር ልብስ ስታሰጪ ገልብጠሽ ጥላ ላይ ነው፣ የኛ ከተማ ጸሐይ ኃይለኛ ነው ጅንሶችሽን ያነጣቸው ግማሹ እሱ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ጣና_ዳር፦
ሰላም ነው፣ ሁሉም ጥሩ ብለዋል ግን ልባሹን ለምን እንደምትፈሩት አይገባኝም። እኔ የምለብሰው አብዛኛው ሰልባጅ ነው፣ ሸሚዞቼ ጥጥ ናቸው ስፌታቸውም አዲስ ተብሎ ሱቅ ከሚሰቀለው ይጠነክራል። ዋናው አመራረጡ ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ቦንዳ (የልባሹ እስር) የሚፈታበትን ቀን ሻጮቹን ጠይቂ ይነግሩሻል፣ ሲፈታ ከደረስሽ ደህናውን ታነሺያለሽ ከሰዓት ከሄድሽ የተመረጠ ትራፊ ነው። ልብሱን ወደ ብርሃን አንስተሽ በውስጡ እዪ፣ የሳሳ ቦታ ካለ ብርሃኑ ይነግርሻል። ብብት፣ ኮሌታ፣ ሱሪ ከሆነ የእግሮቹ መጋጠሚያ፣ ዚፑን ከፍተሽ ዝጊው። ቁልፍ መጉደሉ ችግር የለውም ቁልፍ ርካሽ ነው፣ ጥሩ ምክንያት ሆኖ ዋጋ ያስቀንስልሻል እንዲያውም። የመጀመሪያ ዋጋ ሲጠራ ፊትሽ ላይ መውደድሽ እንዳይታይ፣ አስቀምጠሽ ሁለት እርምጃ ራቅ ስትይ ይጠራሻል። ቤት ስትገቢ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ እጠቢው፣ ጸሐይ ላይ አድርቂው፣ ስፌት ስፌቱን በካውያ አድርጊው ከዛ ልበሺው።

የቴሌግራሙ ይቅርብሽ። እህቴ አዝዛ የመጣላት ጨርቅ ከፎቶው ጋር አይገናኝም፣ ልኩም አልሆነም፣ ይመለስልኝ ስትል መልስ የለም። በእጅ ሳይነኩ ጨርቅ መግዛት በትንሽ ብር ላይ አይሆንም።

ጥጥ_ፈታይ፦
@ጣና_ዳር ወንድሜ አመራረጡን በደንብ ነው ያስቀመጥከው፣ ግን ልባሽ ልብስ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ እንደሆነ ታውቃለህ፣ በኮንትሮባንድ ነው ሚገባው። ባህር ዳር ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ፖሊ ቴክኒኩም ከ1955 ጀምሮ ሙያውን ሲያስተምር ነው የኖረው፣ አሁን የኛ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ተመርቀን ምንሰራው ሰው የሀገሩን ጨርቅ ሲለብስ ነው። እህታችን ደሞ አማራጭ አላት፣ ሜትር ጨርቅ አለ፣ ሸማ አለ፣ ሰፊ አለ።

ጣና_ዳር፦
ገብቶኛል፣ ያልከውም ያሳስበኛል። ግን ሰው ባለው ብር ነው የሚወስነው፣ የሀገር ውስጡ ሸሚዝ በሰልባጅ ዋጋ ቢገኝ እኔም መጀመሪያ እሱን ነው ምገዛው። ከሰፊው ጋር እየተነጋገሩ በሜትር ማሰፋቱን ግን እኔም ልሞክረው ነው።

አዲስ_ተቀጣሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይሄን ያህል ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኮቱን ለብሼ ለካሁት ትከሻው በአንድ ጣት ነው ሚያልፈው ስለዚህ ስፖንጁን አስወጣለሁ። የጅንሶቹን ክር አየሁት፣ የአንዱ ጥቁር ነው የሌላው ቡኒ ነው፣ ጥቁሩን ለቢሮ ቡኒውን ለቅዳሜ አደርገዋለሁ። የቀረኝ የእናቴ ቀሚስ ነው። እንደ ቀሚስ አይለበስም ጨርቁ ሳስቷል፣ መቁረጥ ደሞ አሳዘነኝ። ጥምቀትም እየመጣ ነው፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፣ አዲስ ለማሰራት ግን አልችልም።

የፋሲሎዋ_እናት፦
የኔ ልጅ አትዘኚ፣ ጥለቱ ካለ ቀሚሱ አለ ማለት ነው። ዋጋው እኮ ጥለቱ ላይ ነው፣ ሸማኔው ጊዜውን የሚጨርሰው እዛ ላይ ነው። ጥለቱን በጥንቃቄ አስፈትተሽ፣ ከጥለቱ ግራና ቀኝ ትንሽ ነጭ ጨርቅ እንዲቀር አድርገሽ፣ በአዲስ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ላይ አሰፊው። ሙሉ ቀሚስ ካልሆነልሽ ሸሚዝ አድርጊው፣ ደረቱ ላይና እጅጌው ጫፍ ላይ ጥለቱ ገብቶ፣ አርብ አርብ ለቢሮ በጥቁር ሰማያዊው ሱሪ ትለብሽዋለሽ ለጥምቀት ደሞ በሚሰፋው ጉርድ ከላይ ነጠላ ጣል አድርገሽ። እኔ የእናቴን ጥለት አውጥቼ ለልጄ አሰፍቼላታለሁ፣ ሰው ሁሉ የት አሰራሽው ነው ሚላት።

ከመሰፋቱ በፊት ግን አዲሱን ጨርቅ እጠቢው። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይገባል፣ ጥለቱ ግን ብዙ ስለታጠበ አይገባም፣ ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ተሰብስቦ ጥለቱ ይንጨፈረራል። ስታጥቢው በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትጠመዝዢ። ከነጩ መሀል ሳስቶ ያልተቀደደ ቦታ ካለም እንዳትጥይው፣ አንገት ላይ ጣል የሚደረግ ሻርፕ ይወጣዋል።

ጫማውን ማንም አላነሳልሽም፣ እሱን አስቀድሚ። ላዩ ደህና ከሆነ ሙሉ ሶል አስቀይሪው፣ ጎኑን በክር አሰፊው በማስቲሽ ብቻ ተለጥፎ እንዳይሰጡሽ፣ ክረምት ሲመጣ ማስቲሽ ብቻውን አይችልም። ከዛ ለሊስትሮ ሰጥተሽ በደንብ ይቀባልሽ።

አዲስ_ተቀጣሪዋ፦
እማማ ስወድዎት፣ ይሄማ በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ መጀመሪያ የጫማው ሶል፣ ቀጥሎ የሱሪው ወገብና የኮቱ ስፖንጅ፣ ከዛ የጅንስ ቀለም፣ ከዛ ለጉርድ 1 ሜትር ጨርቅ ከቁራጭ ፈልጌ፣ ነጭ ጥጥ ለጥለቱ፣ ከዚህ የተረፈው አንድ ጥጥ ሸሚዝ ይሆናል፣ እሱን መጨረሻ ላይ ነው ምገዛው ስንት እንደተረፈኝ ካወቅኩ በኋላ። @መቀስና_ሜትር ሰፊ ጋ ስሄድ ሁሉንም አንዴ ይዤ ልሂድ ወይስ አንድ በአንድ?

መቀስና_ሜትር፦
ሁሉንም አንዴ ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ላይ ሲሆን ዋጋ ላይ መነጋገር ትችያለሽ፣ ሰፊውም የክር ቀለም ሳይቀያይር ስለሚሰራው ይቀልለዋል። ታጥበው ይምጡ። ጥለቱን ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳትፈችው ክሩን ትቆርጪዋለሽ፣ ለሱ ተይለት። ጫማውን መጀመሪያ ጨርሰሽ ሱሪውን ስታስለኪ አድርገሽው ሂጂ፣ የሱሪ ርዝመት የሚለካው በምትለብሽው ጫማ ነው፣ በሲሊፐር ከተለካ ሽፍን ጫማ ስታደርጊ ቁርጭምጭሚትሽ ይወጣል። ቀጠሮ ሲሰጥሽ ደሞ ስራ ከምትጀምሪበት ቀን ሳምንት አስቀድመሽ አድርጊው፣ ጥምቀት ሲቃረብ ሰፊ ሁሉ ይጨናነቃል፣ ለክተሽው የማይሆን ነገር ካለም ለማስተካከል ጊዜ ይኖረዋል።